የአደን ጠመንጃን እንጨትና ምላጭ ማስተካከል፦ ከእንጨቱ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

የአደን ጠመንጃ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ ሁለት ነው፤ አንደኛው «ምላጩ ከባድ ነው» የሚል፣ ሁለተኛው ደግሞ «ትናንት ያስተካከልሁት ዛሬ ይስታል» የሚል ነው። ሁለቱንም ለማዳን አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከምላጩ ነው። ሞረድ ወይም የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ምላጩ ሲሳብ የሚለቀቀውን የውስጥ ብረት ጥርስ ያለሰልሳል፤ ሲጨርስ ግን መሣሪያው መሳቱን አይተውም፣ በዚያ ላይ ሲወድቅ ወይም ሲንኳኳ ሳይነኩት የሚተኩስ ይሆናል። በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ «የምላጭ ችግር» ተብለው ከመጡት መካከል ብዙዎቹ የእንጨት ችግር ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ በክረምት ያበጠ እንጨት ምላጩን ይፋተገዋል፣ የላላ ብሎን ብረቱን ያወዛውዘዋል፣ በትክክል ያልተቀመጠ ብረትም በተተኮሰ ቁጥር ቦታ ይቀይራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንጨቱ ይቀድማል፣ ምላጩ የመጨረሻ ነው።

መመሪያው የሚያገለግለው በእጅ እየተመላለሰ ለሚጎርስ፣ ከፋብሪካ የእንጨት አካል ይዞ ለወጣ የአደን ጠመንጃ ብቻ ነው። በራሱ ለሚጎርስ መሣሪያ አይሠራም።

ስለ ቃላቱ

በየአካባቢው አጠራሩ ስለሚለያይ እዚህ የምጠቀምባቸውን ላስቀምጥ። «ቃታ» የምለው በእጅ የሚመላለሰውን ብረት ነው፤ «የቃታ ቤት» ቃታው የሚመላለስበት አካል፣ «ምላጭ» በጣት የሚሳበው፣ «ሰደፍ» ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫፍ፣ «አንገት» ደግሞ ከሰደፉ ቀጥሎ እጅ የሚጨብጠው ቀጭን ክፍል ነው። «እንጨቱ» ስል መላውን የእንጨት አካል፣ «ብረቱ» ስል ደግሞ በርሜሉንና የቃታ ቤቱን አንድ ላይ ማለቴ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ የሚመራ ሥራ ነው። የያዙት መሣሪያ የተመዘገበ ይሁን፤ እንጨቱን እንኳ ከመፍታትዎ በፊት ፈቃድዎ ምን ድረስ እንደሚፈቅድልዎ ከሚመለከተው አካል ይጠይቁ። የማይፈቅድልዎ ከሆነ መመሪያውን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ምን እንደሚያዝዙና ሥራውን እንዴት እንደሚመዝኑ ለማወቅ ይጠቀሙበት።

የሚከተሉትን አዘጋጅተው ይጀምሩ፦

1. ከብሎኖቹ ጥርስ ጋር በልክ የሚገጥም ካቻቢቴ። ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል።
2. መንጋጋው በቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ሞርሳ።
3. ስለታም መሮ፣ በቁጥር 120፣ 220 እና 400 የብርጭቆ ወረቀት።
4. ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ ሁለት ክፍል ያለው ኢፖክሲ። በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን አይግዙ፤ ብረቱን አስተካክለው ሳያስቀምጡ ይጠነክርብዎታል።
5. ንጹሕ የንብ ሰም፣ ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት፣ የወረቀት ፕላስተር።
6. የኩራዝ ጥቀርሻና ጥቂት ዘይት።
7. ከቀለም መሸጫ የተገዛ የተፈላ የተልባ ዘይት።
8. ገበያ ላይ ቅቤና ቡና የሚመዘንበት ዓይነት የምንጠልጠያ ሚዛን።
9. የብስክሌት ከመነዳሪ፣ በረጅሙ የተቀደደ።

ጥይቱን በሙሉ ከክፍሉ አውጥተው ሌላ ቤት ያኑሩት። ቃታውን ከፍተው የጥይት ማደሪያውን በዓይንዎ ይመልከቱ፣ በትንሽ ጣትዎም ይዳስሱ። ሥራውን አቋርጠው በተመለሱ ቁጥር ይህንኑ ይድገሙት፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻዎን የነበሩ ቢሆን እንኳ።

ደረጃ 1፦ ችግሩ የት እንዳለ ይለዩ

ሳይለዩ የሚነኩት ነገር ሁሉ ኋላ «ምን ለወጠው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያሳጣዎታል።

1. ፈቃድ ባለው የተኩስ ሥፍራ፣ መሣሪያውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው፣ በ100 ሜትር ርቀት በአንድ ዒላማ 5 ጥይት ይተኩሱ። በርሜሉን አቀዝቅዘው ሁለት ጊዜ ይድገሙ። ወረቀቶቹን አይጣሏቸው።
2. ምቶቹን ያንብቡ። በርሜሉ እየሞቀ ሲሄድ ምቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዝ ከሆነ በርሜሉ እንጨት እየነካ ሊሆን ይችላል። ምቶቹ በሁለት ቦታ ተሰብስበው ከታዩ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ በሁለት አቀማመጥ እየተቀመጠ ነው ብለው ይጠርጥሩ። በየቦታው ተበትነው ከሆነ ደግሞ አስቀድመው የማነጣጠሪያውን ብሎኖች ያጥብቁና እንደገና ይሞክሩ፤ ላልቶ የተገኘ ማነጣጠሪያ ብዙ እንጨት አስቆፍሯል።
3. ወደ ቤት ሲመለሱ ባዶውን መሣሪያ ሰደፉን ወለል ላይ አድርገው ያቁሙ። በአንድ እጅዎ የእንጨቱን የፊት ጫፍና በርሜሉን አንድ ላይ ይጨብጡና ጣትዎን በመገናኛው ላይ ያሳርፉ። በሌላው እጅ የፊተኛውን ዋና ብሎን (ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች የፊቱን) ቀስ ብለው ያላሉ፣ መልሰው ያጥብቁ። በርሜሉ ከእንጨቱ ሲርቅና ሲቀርብ ጣትዎ ከተሰማው ብረቱ ተጣምሞ ነው የተቀመጠው፤ ደረጃ 4 ለእርስዎ የተጻፈ ነው። ምንም ካልተሰማዎት ደረጃ 4ን ይዝለሉት።

ደረጃ 2፦ ብረቱን ከእንጨቱ ይለዩ

1. ቃታውን ያውጡ።
2. የኋለኛውን ብሎን ቀድመው፣ የፊተኛውን አስከትለው ይፍቱ። ርዝመታቸው የተለያየ ስለሚሆን የትኛው ከየት እንደወጣ ወረቀት ላይ ለጥፈው ምልክት ያድርጉ። የፊተኛው ቦታ ላይ ረጅሙ ቢገባ ጫፉ ቃታውን ይነካና መመላለሱን ያከብደዋል፤ ሰውም «ቃታው ዛገ» ይላል።
3. ብረቱን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡ። ካልወጣ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት፤ እንጨቱን ከሥር በእጅዎ መዳፍ መታ መታ ያድርጉት። በአሮጌ ዘይትና በአቧራ የተጣበቀ ከሆነ በመገናኛው ዙሪያ ጥቂት ላምባ ቀብተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት።
4. እንጨቱን በብርሃን ይመርምሩ። የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ብረት የሚፋተግባቸው ናቸው፤ ጠቁረው የረሰረሱ ቦታዎች ደግሞ ዘይት የጠጡ ናቸው። በምላጩ መውጫ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር ካዩ ምላጩን ያከበደብዎትን ነገር አግኝተዋል። ያንን ጠርዝ በመሮ ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያስፉት፤ ብረቱን አይንኩ።

ደረጃ 3፦ ስንጥቅ ካለ አስቀድመው ይጠግኑ

ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቃታ ቤቱ ጭራ በስተኋላ፣ አንገቱ ላይ ነው። መነሻውም ሲተኮስ ጭራው ወደ ኋላ እየገፋ እንጨቱን እንደ ፍልጥ ስለሚከፍለው ነው። ከምድጃ አጠገብ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጠመንጃ ደግሞ በጭሱና በሙቀቱ ስለሚደርቅ ቶሎ ይሰነጠቃል።

1. ስንጥቁን በላምባ ሳይሆን በአሴቶን ያጽዱ፤ ላምባ የሚተወው ቅባት ኢፖክሲው እንዳይዝ ያደርገዋል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ።
2. ስንጥቁን በቀጭን እንጨት በጥንቃቄ ከፈት አድርገው ኢፖክሲውን በክር ወይም በቀጭን ወረቀት እየጎተቱ እስከ መጨረሻው ያስገቡ። ኢፖክሲውን ፀሐይ ላይ ትንሽ ቢያሞቁት ይቀጥንና ይገባልዎታል።
3. ከመነዳሪውን እየወጠሩ ደጋግመው ይጠምጥሙት። ለአንገት ክብ ቅርጽ ከየትኛውም የብረት መቆንጠጫ ይሻላል፤ ዙሪያውን እኩል ይጨምቃል፣ እንጨቱንም አያቆስልም። ከሥሩ ፌስታል ያድርጉ፣ አለበለዚያ ጎማው ይጣበቃል።
4. ከ24 ሰዓት በኋላ ይፍቱት። ከዚያም ከቃታ ቤቱ ጭራ በስተኋላ ያለውን እንጨት በመሮ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ያርቁት። ይህን ክፍተት ካልተዉ ስንጥቁ ተመልሶ ይመጣል።

የጎደለ ቁራጭ የሚተኩ ከሆነ መስመሩ ከእንጨቱ መስመር ጋር የሚሄድ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ ዋንዛ ይምረጡ። ወይራ ውበት አለው፤ ነገር ግን ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ከለስላሳው የፋብሪካ እንጨት ጋር እኩል አይላግም። ባሕር ዛፍን አልመክርም፤ ሲደርቅ ይጣመማል። አንገቱ ለሁለት የተሰበረ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይጠግኑት፤ እንጨቱ ይቀየር።

ደረጃ 4፦ የብረቱን መቀመጫ በኢፖክሲ ይሥሩ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኢፖክሲው ሳይሆን ከዝግጅቱ ነው። ግማሽ ቀን ለዝግጅት፣ ግማሽ ሰዓት ለሥራው ይመድቡ።

1. የሚነካውን ቦታ ያግኙ። ጥቀርሻውን በጥቂት ዘይት ለውሰው የቃታ ቤቱን ሥር በስሱ ይቀቡት። ብረቱን መቀመጫው ላይ አስቀምጠው በእጅዎ ይጫኑና ያንሡት። ጥቁር የታተመበት ቦታ የሚሸከመው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጥቁር ነጥብ ብቻ ካዩ ብረቱ በነጥብ ላይ ቆሞ እየተወዛወዘ ነው ማለት ነው።
2. እንጨቱን ይቀንሱ። የቃታ ቤቱ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይቆፍሩ። በፊትና በኋላ ጠባብ የእንጨት መስመር ሳይነኩ ይተዉ፤ ብረቱ ቁመቱን ጠብቆ የሚቀመጠው በእነሱ ላይ ነው። ዘይት የጠጣ ቦታ ካለ እስከ ንጹሑ እንጨት ድረስ ይቆፍሩት፣ ቀሪውንም በአሴቶን ያጽዱ።
3. የግፊት መቀበያውን ጥርስ ይጠቅልሉ። ከቃታ ቤቱ ሥር ወደ ታች የወጣችው ጥርስ ሲተኮስ የሚመጣውን ግፊት ለእንጨቱ የምታስተላልፈው ናት። ፊቷን፣ ሁለቱን ጎኖቿንና ታቿን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ጀርባዋን ብቻ ባዶ ይተዉት። ፕላስተሩ ሲነሣ ክፍተት ስለሚተው ጥርሷ የምትደገፈው በጀርባዋ ብቻ ይሆናል፤ ብረቱም ወጥቶ ሲገባ አይታገልም።
4. ቀዳዳውን ሁሉ በሰም ይሙሉ። የብሎን ቀዳዳዎችን፣ የምላጩን ክፍል፣ ጎድጓዳውን ሁሉ በእጅ ሙቀት ባለሰለሱት የንብ ሰም ደፍነው ከብረቱ ጋር እኩል ይላጉት። ጎጃም ሰም የሚያጣ አገር አይደለምና አይቆጥቡ።
5. ብረቱን ሁሉ ይቀቡ። ቀለም የሌለውን የጫማ ቅባት በስሱ ቀብተው ያድርቁ፣ ይወልውሉ፣ ሁለተኛ ይቀቡ። የዋና ብሎኖቹን ክርም አይርሱ።
6. ኢፖክሲውን ያስገቡ። በመያዣው ላይ በተጻፈው ልክ ይቀላቅሉ፤ በዓይን ግምት አይሥሩ። ከመሐል ወደ ዳር እየገፉ ይቀቡት፣ አየር እንዳይታሰር። ብረቱን ቀጥ አድርገው ያውርዱና ብሎኖቹን በሁለት ጣት ብቻ ያስገቡ። ካጠበቁት እንጨቱ ይጎብጣል፤ የጎበጠውን ቅርጽ ነው ኢፖክሲው የሚይዘው፤ ልፋትዎ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።
7. የተረፈውን ይጥረጉ። በጠርዙ የወጣውን በጥጥና በአሴቶን ወዲያው ያጽዱ። ከቅልቅሉ ጥቂት ካርቶን ላይ ያኑሩ።
8. ይጠብቁ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ 24 ሰዓት ይበቃል። በደብረ ማርቆስ ወይም በጮቄ ሥር ባሉ ደጋ ቦታዎች፣ በተለይም በክረምት ሌሊት፣ ሁለት ቀን ሊፈልግ ይችላል። መሣሪያውን እየነካኩ አይፈትኑ፤ ካርቶኑ ላይ ያኖሩትን በጥፍርዎ ይጫኑት። ጥፍር ካልያዘው ደርሷል።

*ብረቱ አልወጣ ቢል፦* በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዲት የብሎን ቀዳዳ በሰም ሳልሞላ ቀርቼ ብረቱ እንጨቱን እንደ ችንካር ይዞ ቀርቶብኛል። በካቻቢቴ ለመፈልቀቅ ስሞክር የእንጨቱን ጠርዝ ሰበርሁት፤ ያ መሣሪያ የሰው አደራ ስለነበር ዛሬም ያሳዝነኛል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ብሎኖቹን ያውጡ፣ መሣሪያውን በፌስታል ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩት። ብረቱ ከእንጨቱ የበለጠ ስለሚኮማተር ጠዋት በጎማ መዶሻ በርሜሉን ከሥር መታ መታ ሲያደርጉት ይለቃል።

*ኢፖክሲው ውስጥ ቀዳዳ ቢያገኙ፦* ከአተር ያነሰ ከሆነ ይተዉት። ከዚያ የሚበልጠውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ ብረቱን እንደገና ቀብተው፣ ያንን ቦታ ብቻ ይድገሙት።

ደረጃ 5፦ በርሜሉን ነጻ ያውጡ

ሁለት እጥፍ የሆነ ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገብተው ወደ ቃታ ቤቱ ይሳቡ። የሚያዝበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ያለውን እንጨት ክብ በትር ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ያስፉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች በእንጨቱ የፊት ጫፍ ላይ ሆን ብለው በርሜሉን የሚገፋ እብጠት ይተዋሉ። ያንን ከመላግዎ በፊት በደረጃ 1 የተኮሷቸውን ወረቀቶች ይመልከቱ፤ ምቶቹ ተሰብስበው ከሆነ አይንኩት።

ደረጃ 6፦ እንጨቱን ከእርጥበት ይጠብቁ

የጎጃም አየር ለእንጨት ፈተና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ያሳብጠዋል፣ የበጋው ድርቀት ያኮማትረዋል፤ ከጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የአባይ ሸለቆ የወረደ መሣሪያም በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አየር ያያል። ፋብሪካው ውጩን ቢያሳምርም ብዙ ጊዜ ውስጡን ጥሬ ይተወዋል፤ ውሃ የሚገባውም ከዚያ ነው።

1. የሰደፉን የብረት ወይም የጎማ ሽፋን ፈትተው ከሥሩ ያለውን እንጨት ይመልከቱ። የእንጨቱ መስመር የተቆረጠበት ጫፍ ስለሆነ እንደ ገለባ ውሃ ይስባል። ከሁሉ በፊት እሱን፣ ቀጥሎ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የበርሜሉን ቦይና የምላጩን ክፍል ይቀቡ።
2. የተፈላውን የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ ይቀቡ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልጠጣውን በሙሉ ይጥረጉ፣ አንድ ቀን ያድርቁ። አራት ወይም አምስት ጊዜ ይድገሙ። ውጩን በየመሐሉ በ400 ቁጥር ወረቀት በስሱ ያሻሹት።
3. ዘይቱ እየተጣበቀ ካስቸገረ ብዙ ቀብተዋል ማለት ነው። በነዳጅ ሳይሆን በጥቂት ተርፔንታይን በረጠበ ጨርቅ አንሥተው ስስ አድርገው ይቀጥሉ።

ቅቤና የኑግ ዘይት አይቀቡ። አባቶቻችን ቅቤ ይቀቡ ነበር የሚል አለ፤ ነገር ግን ቅቤ ከቶም አይደርቅም፣ ኑግም እያጣበቀ ይቆያል፤ ሁለቱም አቧራ ይሰበስባሉ፣ እንጨቱንም ያለሰልሳሉ። ቤት ውስጥ ተልባ ጨምቀው ቢያፈሉትም ከቀለም መሸጫው ጋር አንድ አይደለም፤ ያኛው ማድረቂያ የተጨመረበት ነው።

*ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦* በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በውስጡ ሙቀት አምቆ ያለ ክብሪት ይነድዳል። ሥራዎን እንደጨረሱ ጨርቁን ውሃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ፈጽሞ አያሳድሩት።

ደረጃ 7፦ ሰደፉ ለእርስዎ ይርዘም ወይስ ይጠር?

በሚያድኑበት ጊዜ የሚለብሱትን ልብስ ለብሰው ይለኩ። በሸሚዝ ተለክቶ የተስማማ ሰደፍ ጋቢና ካፖርት ሲደረብ ይረዝምና ትከሻ ሥር ይያዛል። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው የፋብሪካ ልክ ብዙ ጊዜ ከ34 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ካጠረብዎት በሽፋኑና በእንጨቱ መካከል ስስ ጠፍጣፋ ቁራጭ ያስገቡ። ከረዘመብዎት ግን በመጋዝ ለመቁረጥ አይቸኩሉ፤ በመጀመሪያ ቀጭን የጎማ ሽፋን ይሞክሩ። የተቆረጠ እንጨት አይመለስም።

ደረጃ 8፦ አሁን ወደ ምላጩ

1. የምላጩን መገጣጠሚያ ሳይፈቱ በንጹሕ ቤንዚን ይጠቡት። ይህን ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቀው ያድርጉት። አሮጌ ዘይት ከበጋ አቧራ ጋር ተለውሶ የሚሠራው ጭቃ ነው ብዙ ጊዜ ምላጩን የሚያከብደው።
2. በደንብ ያድርቁት። ወፍራም ዘይት ወይም ግራሶ አያስገቡ፤ በብርድ ይረጋና ጥርሱ በሙሉ እንዳይያዝ ያደርገዋል።
3. ብረቱን ወደ እንጨቱ ይመልሱ፤ ብሎኖቹን ከፊት ጀምረው እያፈራረቁ ያጥብቁ። ለእንጨት አካል 4 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃል። መለኪያ ቁልፍ ከሌለዎት 20 ሴንቲ ሜትር ክንድ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ የምንጠልጠያ ሚዛኑን አስረው 2 ኪሎ እስኪያሳይ ይሳቡ።
4. መሣሪያው ባዶ መሆኑን እንደገና አይተው ቃታውን ይወጥሩ፣ የሚዛኑን መንጠቆ በምላጩ መሐል አድርገው ወደ ኋላ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። አምስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ለአደን ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ መልካም ነው። አምስቱ ልኬቶች እርስ በርሳቸው በግማሽ ኪሎ የሚራራቁ ከሆነ ክብደቱን ሳይሆን መለዋወጡን ይፍሩ፤ ገና ያልጸዳ ወይም ያለቀ ነገር አለ። ማስታወሻ፦ በጠርዙ ለሚመታ ትንሽ ጥይት የተሠራ ጠመንጃ ባዶውን ሲተኮስ መርፌው (ጥይቱን የሚመታው ብረት) ስለሚጎዳ ያለ ማስመሰያ ጥይት አይሞክሩት።
5. ፋብሪካው የክብደት ማስተካከያ ብሎን ካደረገለትና መመሪያው ካልዎት፣ ያንን ብቻ በሩብ ዙር ያላሉ፣ ይለኩ፣ ይድገሙ። ከ1.5 ኪሎ በታች አይውረዱ። የጥርሶቹን መያያዣ የሚቆጣጠረውን ብሎን አይንኩ።
6. ጥርሱን በሞረድ፣ በድንጋይ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አይንኩ። ብዙ ጊዜ የጠነከረው የላዩ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ እሱ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ቀስ በቀስ ይበላል። ዛሬ ያማረ ምላጭ ከወራት በኋላ ሳይነኩት ይተኩሳል።

ደረጃ 9፦ ሳይጎርስ የሚደረግ ፈተና

1. ባዶውን ወጥረው የደኅንነት መቆለፊያውን ይዝጉ፣ ምላጩን በኃይል ይሳቡ፣ ይልቀቁ፣ መቆለፊያውን ይክፈቱ። መርፌው ከወደቀ ፈተናውን ወድቋል።
2. ቃታውን አሥር ጊዜ በኃይል ይመልሱ። መርፌው አንድም ጊዜ መውደቅ የለበትም።
3. ወጥረው፣ ሰደፉን በጎማ መዶሻ ከኋላ፣ ከላይና ከሁለቱም ጎን ይምቱ። እዚህም መርፌው መውደቅ የለበትም።

ከሦስቱ አንዱን ከወደቀ ጥይት አያጉርሱበት። አሥር ጊዜ አልፎ በአሥራ አንደኛው የሚወድቅም ቢሆን ያው ነው። ፈቃድ ላለው ባለሙያ ያድርሱት፤ የምላጩ መገጣጠሚያ በሙሉ ይቀየር እንጂ አይጠገን።

ሁሉንም ካለፈ ወደ ተኩስ ሥፍራው ይመለሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥይቶች አንድ አንድ እያጎረሱ ይተኩሱ። ከዚያ እንደ ደረጃ 1 በ100 ሜትር አምስት አምስት ተኩሰው ከድሮዎቹ ወረቀቶች ጋር ያስተያዩ። ከ20 ያህል ጥይት በኋላ የብሎኖቹን ጥብቀት እንደገና ይለኩ፤ አዲስ መቀመጫ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ይረግጣል። በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲወጣ፣ የወረቀቱን ሙከራ በበርሜሉ ሥር አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ የሚያዝበት ቦታ ካገኙ ዘይት ያልደረሰው እንጨት ቀርቷል ማለት ነውና ወደ ደረጃ 6 ይመለሱ።